ሳይን 30 ስንት ነው? ስለ ድሮዋ ካልኩሌተር፣ ስለ ቂብላና ስለ ፈራኢድ

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ባለፈው የፈራኢድ ደርስ ላይ የተነሳ አንድ ጥያቄ ነው። ኡስታዛችን እንደ ልማዳቸው፣ «ስልካችሁን ኪሳችሁ አስገቡ፤ ካልኩሌተር ያለው ያውጣ» ሲሉ አንዲት እህታችን ከኋላ እጇን አውጥታ፣ «ኡስታዝ፣ ስልኩም ውስጥ እኮ ካልኩሌተር አለ። እንዲያውም ወራሾቹን ብቻ ስንነግረው ድርሻውን ሁሉ የሚያወጣ አፕ አለ» አለች። ኡስታዝ ፈገግ ብለው፣ «ይሄንንስ ኢንጂነሮቹ ይመልሱ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ያን ዕለት የመለስኩት የተደነባበረ መልስ ነበር፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ «አሮጌው ይሻላል» ዓይነት። ጥያቄው ግን ከዚያ የተሻለ ይገባው ነበርና ኢንሻአላህ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልሞክረው።

መጀመሪያ ስለራሴ ናፍቆት ልናዘዝ፤ ምክንያቱም የምለው ሁሉ በእሱ ሊዛባ ይችላል።

ታላቅ ወንድሜ ግቢ ሲገባ ገዝቷት፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ያወረሰኝ ካልኩሌተር ካሲዮ ኤፍኤክስ-82 ኤምኤስ ነበረች። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ተንሸራቶ የሚገባ ክዳን፣ ባለ ሁለት መስመር ስክሪን፤ ላይኛው መስመር የጻፍከውን፣ ታችኛው መልሱን የሚያሳይ። ከጀርባዋ አንዲት የጣት ድንጋይ ብቻ ትጎርሳለች። የእኔዋ የድንጋይ መክደኛዋ ጠፍቶ በፕላስተር ታስራ ነበር። የ8 ቁልፏ ላይ ያለው ጽሑፍ ስለተፋቀ የሚዋሰኝን ሰው ሁሉ «ከ7 ቀጥሎ ያለችው ናት» እያልኩ አስጠነቅቅ ነበር። በጋምቤላ የየካቲትና የመጋቢት ሙቀት ፀሐይ ላይ ከተረሳች ስክሪኗ እንደ ከሰል ይጠቁራል፤ ማንጎ ጥላ ሥር ትንሽ ስትቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትመለሳለች። እኔም ከመድረሳ ወጥቼ ወደ ትምህርት ቤት ስሮጥ ቁርአኔ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ነበሩ።

ግቢ ስገባ ክፍልፋዩን ልክ እንደ መጽሐፍ ከላይና ከታች አድርጋ የምትጽፈውን አዲሷን ገዛሁና አሮጌዋን ለአክስቴ ልጅ ሰጠኋት። ሦስተኛ ዓመት ላይ ናፈቀችኝ። ለምን እንደናፈቀችኝ የገባኝ ግን ከዚያ ቆይቶ ነው።

ካልኩሌተር ኪስ የገባበት ዘመን

ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ከመምጣቱ በፊት ኢንጂነር ሁሉ የሚሠራው በስላይድ ሩልና በሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ነበር። ስላይድ ሩል እርስ በእርሳቸው የሚንሸራተቱ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ማስመሪያዎች ናቸው። የሠንጠረዡ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ መጽሐፋችን ኋላ ላይ ያሉትን የሳይንና የታንጀንት ዝርዝሮች ያላገላበጠ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1972 ሂውሌት ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤችፒ-35ን አወጣ። 35 ቁልፍ ስላለው ነው ስሙ። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ቢል ሂውሌት በሸሚዝ ኪስ የሚገባ መሆን አለበት ብሎ ነው ያሠራው። ሳይን፣ ኮሳይን፣ ታንጀንትና ሎጋሪዝም በአንድ ቁልፍ የሚሰጥ የመጀመሪያው የኪስ ካልኩሌተር ነበር። ዋጋው 395 ዶላር፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ገንዘብ ነው። ዋጋው ለመውረድ ግን ጊዜ አልፈጀበትም፤ በ1976 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲአይ-30ን ከ25 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። ስላይድ ሩል የሞተው በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው።

ስለ ኤችፒ-35 አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ገበያ ከወጣ በኋላ ስህተት ተገኘበት። የ2.02ን ናቹራል ሎጋሪዝም አውጥተህ መልሰህ ብትገለብጠው 2.02 መምጣት ሲገባው 2 ብቻ ይላል። በዚያን ጊዜ 25,000 ያህሉ ተሽጧል። ኩባንያው ነገሩን ደብቆ ማለፍ ይችል ነበር፤ ስንት ሰው ነው ልክ ያንን ቁጥር የሚነካው? ግን ለገዢዎቹ ስህተቱን አስታውቆ፣ የፈለገ መልሶ እንዲቀይር ዕድል ሰጠ። የላይኛው እህል ደረቅ፣ የታችኛው እርጥብ የሆነበትን ክምር ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በእጃቸው ፈትሸው ሻጩን የገሰጹበትን ሐዲስ የምታውቁ፣ እነዚህ ሰዎች ሳያውቁት የሠሩት ሥራ የትኛው እንደሆነ ይገባችኋል። ወደ እኛ ገበያ ስመጣ እመለስበታለሁ።

ኤችፒ-35ን የመሰሉት የድሮ የኤችፒ ካልኩሌተሮች ሌላ ልዩ ነገር አላቸው። የእኩል ይሆናል ቁልፍ የላቸውም። 2ን ከ3 ጋር ለመደመር 2 ትጽፋለህ፣ ኤንተር ትላለህ፣ 3 ትጽፋለህ፣ ከዚያ የመደመርን ምልክት ትጫናለህ። ቁጥሮቹ ይቀድማሉ፣ ትዕዛዙ ይከተላል። ፈረንጆቹ ይህን ለመልመድ ይቸገራሉ ይባላል። እኔ ግን መጀመሪያ ሳየው የሳቅኩት በሌላ ምክንያት ነው፤ ይህ እኮ አማርኛ ነው! «ሁለትንና ሦስትን ደምር» ስንል ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አረብኛው ደግሞ በተለመደው አቀማመጡ ግሡን ያስቀድማል፤ ነህው የተማረ ሰው ያውቀዋል። የሚገርመው ምልክቱን ከቁጥሮቹ በፊት የሚያስቀድም አጻጻፍም በሒሳብ ውስጥ አለ። ያንን ያመጣው ያን ሉካሲዬቪች የሚባል የፖላንድ የሎጂክ ሊቅ ሲሆን፣ የኤችፒው ዘዴ የእሱ ግልባጭ በመሆኑ «የተገለበጠው የፖላንድ አጻጻፍ» ይባላል። ለእኔ አንዱ የአረብኛ፣ ሌላው የአማርኛ ነው።

እንደገና የተወለዱት

ዛሬ ስልክ ሁሉን በሚሠራበት ዘመን እነዚህ አሮጌ ካልኩሌተሮች ተመልሰው እየተሠሩ ነው። ኤችፒ-15ሲ ከ1982 እስከ 1989 ተሠርቶ የቆመ ነበር። ወዳጆቹ ሲወተውቱ ኖረው በ2011 በውስን ቁጥር ታተመ፤ በ2023 ደግሞ ለሰብሳቢዎች ተብሎ እንደገና ወጣ። መልኩ የድሮው ነው፣ ቁልፎቹም በነበሩበት ናቸው። ውስጡ ያለው ግን የድሮውን ፕሮግራም እንዳለ የሚያስኬድ አዲስ ፕሮሰሰር ነው። በሌላ አነጋገር ሂፍዙ የአባቱ፣ ጉልበቱ የልጁ። ታላቅ ወንድሙ ኤችፒ-12ሲ የሚባለው የባንክ ሰዎች ካልኩሌተር ደግሞ ከ1981 ጀምሮ ከገበያ ሳይወጣ እስከ ዛሬ አለ።

እነዚህን እኛ አገር በእጁ የያዘ ተማሪ አላየሁም፤ ዋጋቸውም ለዶርም ልጅ አይደለም። ወደ እኛ የቀረበው የካሲዮ ነው። ካሲዮ ኤፍኤክስ-82 ኤምኤስን፣ ታላቋን 991 ኤምኤስንም ጭምር «ሁለተኛ እትም» ብሎ አድሶ አውጥቷል። ሁለት መስመሩ ስክሪን አለ፣ የለመድነው አሠራርም አለ። እኔም ሦስተኛ ዓመት ላይ ያችኑ አዲሷን አሮጌ ገዛሁ። ቁልፎቹ እንደ ድሮዋ ጠጠር አይሉም፣ ሽታዋም የወንድሜን ቦርሳ አይሸትም። ናፍቆትን በብር መግዛት እንደማይቻል የገባኝ ሱቁ በር ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። የዶርም ጓደኛዬ «ይሄ ሁሉ ናፍቆት ብቻ ነው፤ ስልክህ ላይ ያችኑ ካልኩሌተር የሚያስመስል አፕ በነፃ አለ» ይለኛል። ልክ ነው። መደርደሪያ ላይ ለማስቀመጥ 15ሲ የሚገዛ ሰው ያለው ናፍቆት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የእኔም ክርክር ፕላስቲኳ ላይ አይደለም። የድሮዋ ካልኩሌተር የምትሠራው ጥቂት ነገር ብቻ ስለሆነ ቀሪውን አንተ መሥራት ነበረብህ፤ የሠራኸውም ላይኛው መስመር ላይ ቁጭ ብሎ ይመሰክርብሃል። ይህን ያስተማረኝ ደግሞ ስኬት ሳይሆን አንድ የሚያሳፍር ስህተት ነው።

ማንጎው ነው ወይስ ካዕባ የተንቀሳቀሰው?

ሁለተኛ ዓመት እያለን ጥቂት ልጆች ሆነን ከግቢ ውጭ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ መግሪብና ዒሻ እንሰግድ ነበር። ምንጣፉን ያነጠፉልን አንድ የሠፈሩ ሀጂ ናቸው፤ «በዚህ፣ በማንጎው በኩል» ብለው። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ስለ ሉል ሦስት ማዕዘን አንብቤ ልቤ አብጦ ነበር። «ሀጂ በግምት ነው ያነጠፉት፣ እኔ በሒሳብ አወጣዋለሁ» አልኩ።

ሒሳቡ ይሄ ነው፤ እናንተም አብራችሁ ሥሩት። የጋምቤላ ከተማ በግምት ሰሜን ኬክሮስ 8.25 ዲግሪ፣ ምሥራቅ ኬንትሮስ 34.583 ዲግሪ ላይ ናት። ካዕባ ሰሜን 21.4225፣ ምሥራቅ 39.826 ላይ ነው። የኬንትሮሳቸው ልዩነት 5.243 ዲግሪ ነው። ቂብላው ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ ስንት ዲግሪ እንደሚዞር ለማግኘት፦

መጀመሪያ፦ ኮሳይን 8.25 × ታንጀንት 21.4225 − ሳይን 8.25 × ኮሳይን 5.243

ቀጥሎ፦ ሳይን 5.243ን ለመጀመሪያው ውጤት አካፍሉ።

በመጨረሻ፦ የተገኘውን በሺፍት ታንጀንት ወደ ማዕዘን መልሱ።

ካልኩሌተሯ በዲግሪ ላይ ከሆነች መጀመሪያው 0.2454፣ ሁለተኛው 0.372፣ መጨረሻው 20.4 ይሰጣል። ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 20.4 ዲግሪ ማለት ነው። እኔ ያን ቀን ያገኘሁት ግን 1.32 ነበር።

1.32! ማለትም ቀጥ ያለ ሰሜን ማለት ይቻላል። ቁጥሩ ምንም አልከበደኝም፤ መካ በሰሜን በኩል እንደሆነች አውቃለሁ፣ ቁጥሩም ሰሜን ይላል። ምንጣፉን አዞርኩት። ለአምስት ቀን በዚያ ሰገድን። በስድስተኛው ሀጂ መጡና በሩ ላይ ቆመው ምንጣፉን አዩት፣ ማንጎውን አዩት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፦

«ልጄ፣ ማንጎው ነው ወይስ ካዕባ የተንቀሳቀሰው?»

«ሀጂ፣ በካልኩሌተር አውጥቼው ነው» አልኩ።

«አይ እንግዲህ» አሉና ደጅ አውጥተው ግድግዳው ሥር በሚስማር የተጫረ መስመር አሳዩኝ። በዓመት ሁለት ቀን ፀሐይ በቀትር ልክ በካዕባ አናት ላይ ትሆናለች፤ ያን ጊዜ ፀሐይን ያየ ሁሉ ቂብላን አይቷል። እሳቸው ይህን ከሸሆቻቸው ተምረው በዚያች ሰዓት ዱላ አቁመው ጥላውን ጭረውታል። ሒሳብ አልተማሩም፤ ያ መስመር ግን ከእኔ 1.32 በ19 ዲግሪ ይለያል። የእኔን መስመር ይዞ የሄደ ሰው በመካ ኬክሮስ ላይ ሲደርስ ቀይ ባሕርን እንኳ ሳይሻገር ሱዳን በረሃ ውስጥ ነው የሚገኘው።

ዶርም ገብቼ ካልኩሌተሯን ሳያት ስክሪኗ ላይ ትንሽዬ የአር ፊደል አለች። ራዲያን። ጠዋት የዳይናሚክስ ሆምወርክ ስሠራ ቀይሬ ሳልመልሳት ቀርቼ ነበር። አሮጌዋን ሰጥቼ የገዛኋት አዲሷ ናት፤ ለእሷ ስል ግን ጥፋቱ የእኔ ብቻ መሆኑን ልናገር። በራዲያን መጀመሪያው እርምጃ −0.2204 ነው የሚመጣው። ነጋቲቭ! ሳይን 5.243ም በራዲያን ነጋቲቭ ነው፤ ሁለቱ ሲካፈሉ ግን ፖዘቲቭ ይሆኑና ምልክቱ ይጠፋል። እኔ ሁሉንም በአንድ ትልቅ ክፍልፋይ አስገብቼ መጨረሻውን ብቻ ነበር ያየሁት። አሮጌዋ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ደራርቦ መጻፍ ስለሚያስቸግር ደረጃ በደረጃ እሠራው ነበር፤ መጀመሪያው ነጋቲቭ ሲመጣም እጄ ይቆም ነበር። የናፈቀችኝ ለዚህ ነው።

ከራዲያን የባሰ ግን ሌላ አለ። ያችኑ ሒሳብ በግሬድ ላይ ብትሠሩት (ስክሪኑ ላይ የጂ ፊደል ስትኖር ማለት ነው) 22.96 ይመጣል። ከትክክለኛው ጋር የሚቀራረብ፣ የማያስጠረጥር፣ ስህተት የሆነ መልስ። 1.32ን ሀጂ ያዙት፤ 22.96ን ማንም አይዘውም ነበር።

ስለዚህ ካልኩሌተር ያነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሳይን 30ን ይጫን። 0.5 ካለ በዲግሪ ላይ ነው። −0.988 ካለ ራዲያን፣ 0.454 ካለ ግሬድ። በኤፍኤክስ-82 ኤምኤስ ሞድን ሁለቴ ተጭናችሁ 1 ስትሉ ወደ ዲግሪ ትመለሳለች፤ በኢኤስ ዓይነቶቹ ሺፍት፣ ሞድ፣ 3 ነው። ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም።

ስለሰገድነው ሶላት ኡስታዛችንን ስንጠይቅ፣ ከካዕባ ርቆ ላለ ሰው በብዙ ዑለማዎች ዘንድ የሚፈለገው አቅጣጫው መሆኑን፣ 19 ዲግሪም ከአቅጣጫው እንደማያወጣ ነግረውን አትድገሙ አሉን። በመዝሀቦች መካከል ዝርዝር ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ከእኔ ጽሑፍ ሳይሆን ከኡስታዙ ይጠይቅ። ለእኔ ከሶላቱ በላይ የከበደኝ ሌላ ነው፤ አምስት ሰው እኔን አምኖ ነው የዞረው።

የሀጂን መንገድ መሞከር ለሚፈልግ፦ ቀኖቹ ግንቦት 20 ከቀኑ 6፡18 እና ሐምሌ 9 ከቀኑ 6፡27 ገደማ ናቸው። የእኛና የሳዑዲ ሰዓት አንድ ስለሆነ ምንም መቀየር አያስፈልግም። አንድ ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ቢሆን ብዙም አይጎዳም። ሐምሌ ደመና ስለሚበዛ ግንቦትን አታሳልፉት። ጋምቤላ ላይ 1 ሜትር ዱላ ቀጥ አድርጋችሁ ብታቆሙ ጥላው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ቂብላው ከጥላው ጫፍ ወደ ዱላው ሥር በሚያሳየው በኩል ነው። ኮምፓስ የምትጠቀሙ ደግሞ መርፌው የሚያሳየው መግነጢሳዊውን ሰሜን እንደሆነ፣ ከእውነተኛው ጋር ጥቂት ዲግሪ እንደሚለያይና የብረት በር አጠገብ ጭራሽ እንደሚቃዥ አትርሱ።

የቀደሙት ሙስሊም ሊቃውንት ይህንኑ ሒሳብ ያለ ምንም ቁልፍ ሠርተውታል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ደማስቆ የነበረው ሸምሰዲን አል-ኸሊሊ የቂብላ ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል፤ ከ10 እስከ 56 ዲግሪ ኬክሮስ ላለ ቦታ፣ ከመካ በምሥራቅም በምዕራብም እስከ 60 ዲግሪ ድረስ፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ቂብላውን አስልቶ። ሦስት ሺህ የሚጠጋ መልስ ማለት ነው፤ ሁሉም በእጅ። የሚያስቀው እኛ ጋምቤላ 8 ዲግሪ ላይ ስለሆንን ከሠንጠረዡ ጥቂት ወደ ደቡብ ቀርተናል። ቢሆንም እያንዳንዷን ረድፍ ሲያወጣ ከላይኛዋ ጋር ሳያስተያይ አላለፈም ብዬ አስባለሁ።

የአንዲት ቁልፍ ነገር

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ ልመለስ። የፈራኢድ ሒሳብ ለሙስሊሞች ተራ ነገር አልነበረም። አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የአልጀብራን ስም የሰጠውን ኪታብ ሲጽፍ ሰፊውን ክፍል የያዘው የውርስና የኑዛዜ ሒሳብ ነው።

ኤፍኤክስ-82 ኤምኤስ ላይ የክፍልፋይ ቁልፍ አለች። አንድ ስምንተኛን 1⌟8 አድርጋ ትጽፋለች። አዲሶቹን የለመደ ልጅ መልኳን አይቶ ይስቃል፤ 1⌟1⌟8ን «አንድ መቶ አሥራ ስምንት» ብሎ ያነበበ ፍሬሽማንም አውቃለሁ። እሱ አንድ ሙሉ ከአንድ ስምንተኛ ነው።

አንድ ሰው ሚስት፣ ሁለት ሴት ልጆች፣ አባትና እናት ትቶ ሞተ። ሱረቱ-ኒሳእ 11ኛና 12ኛ አንቀጾች ላይ እንዳለው ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ልጆቹ ሁለት ሦስተኛ፣ አባት አንድ ስድስተኛ፣ እናትም አንድ ስድስተኛ አላቸው። ደምሩት፦ 1⌟8 + 2⌟3 + 1⌟6 + 1⌟6። መልሱ 1⌟1⌟8 ነው። ከአንድ በለጠ! ንብረቱ 270,000 ብር ቢሆን ድርሻዎቹ እንዳሉ ቢከፈሉ 303,750 ብር ያስፈልጋል። ዐውል የሚባለው እዚህ ጋ ነው፤ ጉድለቱን ሁሉም እንደየድርሻው ይሸከማል። የዐውል ጉዳይ መጀመሪያ የተነሳው በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ነው። ይህችኛዋ ጉዳይ ደግሞ ሚንበሪያ ትባላለች፤ ዐሊይ (ረ.ዐ) ሚንበር ላይ ሳሉ ተጠይቀው የሚስቲቱ ስምንተኛ ዘጠነኛ ሆነ ብለው ወዲያው ስለመለሱ።

ካልኩሌተሯ ላይ 1⌟8ን ለዚያ ድምር አካፍሉት። 1⌟9 ይላል። እኔ መጀመሪያ ይህን ያየሁ ቀን ካልኩሌተሯን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ አየኋት።

በብር ሲሆን ሚስት 30,000፣ ልጆቹ 160,000 (ለእያንዳንዳቸው 80,000)፣ አባት 40,000፣ እናት 40,000። ሞላ።

አሁን ደግሞ ክፍልፋዩን ትታችሁ ብዙ ሰው በስልኩ እንደሚያደርገው በነጥብ ሥሩት፤ ሁለት ሦስተኛን 0.66፣ አንድ ስድስተኛን 0.16 ብላችሁ። ድምሩ 1.105 ይሆናል። በዚህ ከፋፍላችሁ ስትጨርሱ የገንዘቡ ድምር ልክ 270,000 ነው፤ ምንም የጎደለ አይመስልም። ግን ለሚስት 543 ብር፣ ለልጆቹ 1,267 ብር ተጨምሮ፣ ከአባት 905፣ ከእናት 905 ብር ተቀንሷል። ልጃቸውን የቀበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ሐቃቸው በሁለት አኃዝ ስንፍና ጎደለ ማለት ነው። ድምሩ ስለሞላ ደግሞ ማንም አይጠይቅም።

እህቴ፣ አፑ ይሳሳታል እያልኩሽ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ይሆናል። ግን ወራሾቹን አስገብተሽ መልስ ሲሰጥሽ አባትየው በሕይወት እንዳለ መርሳትሽን አይነግርሽም፤ ዐውል ይኑር አይኑርም ፊትሽ ላይ አይፈጠርም። 1⌟1⌟8 ስክሪን ላይ ሲመጣ ግን «እንዴ፣ ከአንድ በለጠ» ትያለሽ። ደርሱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ደርሱን ከጨረስሽ በኋላ አፑን ማመሳከሪያ ብታደርጊው እኔ አልቃወምም፤ ኡስታዝም የሚቃወሙ አይመስለኝም።

ልትገዙ ካሰባችሁ

ገበያ ላይ ስሟ አንድ ፊደል የተቀየረባት፣ አንዳንዴም ስሟ ልክ ሆኖ ውስጧ ሌላ የሆነ አስመስሎ የተሠራች ብዙ አለች። ርካሽ መግዛት ነውር አይደለም፤ ሻጩ «ኦሪጅናል ናት» ብሎ ከማለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ሳይን 30ን፣ ከዚያ የ2.02ን ሎጋሪዝም አውጥታችሁ መልሱት፣ ከዚያ ከላይ ያለችውን የሚንበሪያ ድምር ሥሩ። ሦስቱን ካለፈች ስሟ ምንም ይሁን ትሠራለች። ወደ እረፍት ስትሄዱ ድንጋዩን አውጡላት፤ ክረምቱን ሙሉ ውስጧ ከከረመ ይፈሳል፣ ሽቦውን ይበላል። ያገለገለች የምትሸጡ ደግሞ፣ የማይሠራ ቁልፍ ካላት ገዢው ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።

ለሚቀጥለው ደርስ አንድ ጥያቄ፦ አንዲት ሴት ባል፣ ሁለት የእናትና የአባት እህቶች እና እናት ትታ ሞተች። ንብረቱ 240,000 ብር ነው። በስልክ ሳይሆን በክፍልፋይ ቁልፏ ሥሩት፤ ካልኩሌተር የሌለው በወረቀት ይሥራ፣ እንዲያውም ይሻላል። ለማንኛውም ወራሽ ሽራፊ ሳንቲም ከመጣላችሁ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋልና ላይኛውን መስመር መልሳችሁ እዩት።

ወላሁ አዕለም።